የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር፦ ትኬቱ ርካሽ፣ ሂሳቡ ባለቤት አልባ

በጠዋት ከአያት ተነስቶ ጦር ኃይሎች መድረስ ያለበት ሰው በሚኒባስ ከሄደ መገናኛ ይወርዳል፣ ይሰለፋል፣ ሜክሲኮ ላይ ደግሞ ይወርዳል፣ እንደገና ይሰለፋል። ባቡሩ ይህን መንገድ በአንድ ትኬት፣ ከረዳት ጋር ሳያጨቃጭቅ፣ በመኪና መዓት ሳይታገት ይጨርሰዋል። ለዚህ ብቻ እንኳ ከተማዋ ካሰበቻቸው ነገሮች ሁሉ ከምርጦቹ አንዱ ነው። ተሳፋሪውን የሚያማርረው ባቡሩ የሚመጣበት ሰዓትና ሲመጣም መግቢያ ማጣቱ ነው። የዚህ ምክንያቱ ደግሞ ጣቢያው ላይ ቆመው ቢፈልጉት አይገኝም፤ ያለው ሂሳብ መዝገቡ ውስጥ፣ የግንባታውንና የጥገናውን ወጪ «ማን ይክፈል?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

ለማያውቅ ያህል፦ ግንባታው በ2004 ዓ.ም. ተጀመረ። የሰሜን ደቡቡ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሰው መጫን ጀመረ፤ የምሥራቅ ምዕራቡ ከሳምንታት በኋላ ተከተለ። ሰማያዊው (የሰሜን ደቡቡ) ሲከፈት ከምኒልክ አደባባይ ተነስቶ በአትክልት ተራ፣ በአውቶቡስ ተራና በልደታ ዞሮ ቃሊቲ ይወርድ ነበር። አረንጓዴው (የምሥራቅ ምዕራቡ) ከአያት በሲኤምሲ፣ በመገናኛና በኡራኤል አልፎ ጦር ኃይሎች ይደርሳል። በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሀዲድ፣ 39 ጣቢያና 41 ባቡር ነው። ኃይሉን የሚወስደው በላይ ከተዘረጋ ሽቦ ነው፣ 750 ቮልት ዲሲ።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ትኬቱ የሚሸጠው ከጣቢያው አጠገብ ካሉት ትናንሽ መሸጫዎች ነው። መነሻና መድረሻ ተናገሩ፤ ሂሳቡ በርቀት ነው። ሥራ ሲጀምር 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር፤ የዕለቱን ታሪፍ እዚያው ጠይቁ። ዝርዝር ብር ያዙ፤ መቶ ብር ይዞ መቅረብ ከኋላችሁ ያለውን ሰልፍ ማስቆጣት ነው። ወረቀቷን እስክትወርዱ አትጣሏት፣ ተቆጣጣሪ ሊጠይቃችሁ ይችላል። የሁለቱም መስመር ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ተብሎ ነው የተጀመረው። ነገር ግን በጥገና ወይም በአካባቢ ግንባታ የተነሳ መስመሩ አጥሮ የሚሠራበት ጊዜ ስላለ፣ በተለይ ወደ ሰሜኑ ጫፍ የምትሄዱ ከሆነ፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት «እስከ የት ይሄዳል?» በሉ።

አዲስ ተሳፋሪ የሚሳሳተው ሲቀይር ነው። ሁለቱ መስመሮች አምስት ጣቢያ ይጋራሉ፦ ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድ እና ልደታ። ከአያት መጥታችሁ ወደ አውቶቡስ ተራ ከሆነ መንገዳችሁ፣ ከአምስቱ በአንዱ ወርዳችሁ እዚያው መቆሚያ ላይ ሰማያዊውን ጠብቁ፤ ሁለቱም በአንድ ሀዲድ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄዱት። ወደ ቃሊቲ ከሆነ ግን ገና ስታዲየም ላይ ውረዱና ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ መቆሚያ ተሻገሩ። ይህን ያላወቀ ልደታ ድረስ ተወስዶ የመጣበትን ይመለሳል። ከቃሊቲ ወደ መገናኛ ለሚሄድም ያው ነው፤ ስታዲየም ወርዶ ወደ ማዶ መሻገር።

ባቡሩ ውስጥ ሲገባ ወለሉ ሁሉ እኩል አይደለም። ሰባ በመቶው ዝቅ ያለ ነው፤ ከሹፌሮቹ ክፍል ጀርባ ያሉት ሁለቱ ጫፎች ግን ሞተሩ ከሥራቸው ስላለ ደረጃ አላቸው። ሰው ከበሩ ይገባና እዚያው በሩ ላይ ይተከላል። በጥድፊያው ሰዓት መገናኛ ላይ ብታዩ በሮቹ ዙሪያ ትንፋሽ የለም፣ ደረጃውን ወጥቶ ካለው ቦታ ግን ሁለት ሦስት ሰው ሊቆምበት የሚችል ክፍተት ይታያል። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ወደዚያ ይውጣ። አጭር የሚሄድ ደግሞ በሩ አጠገብ ይቅር፣ ግን ቦርሳውን ወደ ደረቱ አዙሮ፤ ኪስ አውላቂዎች ሲገቡም ሲወጡም የሚሠሩት እዚያ ነው። ከፍ ያሉት ጣቢያዎች ሊፍትና ተንቀሳቃሽ ደረጃ ተገጥሞላቸዋል፤ ይሠራል ብላችሁ ግን አትቁጠሩ። ጉልበት የሚያማቸው እናት ወይም ጋሪ የሚገፋ ሰው ይዛችሁ ከሆነ በመሬት ደረጃ ያሉትን ጣቢያዎች ምረጡ።

አሁን ባቡር ወደ መጠበቁ። አንድ ባቡር 286 ሰው እንዲይዝ ነው የተሠራው። ዕቅዱ በአንድ አቅጣጫ በሰዓት 15 ሺህ ሰው ማጓጓዝ ነበር። አካፍሉት፦ 52 ባቡር በሰዓት፣ በየ70 ሰከንዱ አንድ ማለት ነው። ሁለት ሁለቱን አጣምሮ ቢነዳ እንኳ በየሁለት ደቂቃው ተኩል አካባቢ መምጣት አለበት። ያን ያህል ባቡር ኖሮ አያውቅም፤ ቁጥሩ ከመጀመሪያውም ወረቀት ላይ ያማረ ነበር። እያንዳንዱ መስመር 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማቆሚያውን ጨምሮ በአማካይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ጫፍ ላይ ዞሮ ለመመለስ የሚወስደው ሲታከል ደርሶ መልሱ ሁለት ሰዓት ይጠጋል። በየ6 ደቂቃው አንድ ባቡር እንዲመጣ ለአንድ መስመር 20 ባቡር፣ ለሁለቱ 40 ያስፈልጋል። የተገዛው 41 ነው። ለጥገና የሚቆመው የትኛው ሊሆን ነው ታዲያ? በየ10 ደቂቃው ከሆነ 24 ይበቃል፤ ቀሪው 17 ተራ በተራ ዲፖ፣ ማለትም ባቡሮቹ የሚያድሩበትና የሚጠገኑበት ግቢ፣ ይገባል። ጤናማው አሠራር ይህ ነበር።

የሆነው ሌላ ነው። ከ41ዱ ሩብ እንኳ የማይሞላው ብቻ የሚሠራበት ጊዜ እንደነበር በይፋ ተነግሯል። ስምንት ባቡር ብቻ ቢኖር ለአንድ መስመር አራት ይደርሳል፤ ሁለት ሰዓት ለአራት ሲካፈል ግማሽ ሰዓት ጥበቃ ነው። ግማሽ ሰዓት የጠበቀ ሕዝብ አንድ ባቡር ላይ ሲሰፍር በሩ አይዘጋም፤ በሩ ካልተዘጋ ባቡሩ አይነሳም፤ ካልተነሳ የኋለኛው ይዘገያል። ሰው «ባቡሩ ተበላሸ» ከሚልባቸው ቀናት ስንቱ በዚህ የመጣ እንደሆነ መገመት አይከብድም።

የቆሙትን ምን አቆማቸው? የመጀመሪያው ተጠያቂ የብረት ጎማው ነው። በተጠማዘዘ ሀዲድ ላይ የጎማው ከንፈር ሀዲዱን እየፋቀ ይሄዳል፣ ይበላል። ሲበላ ማሽን ላይ ተጭኖ ይላጫል፤ የተወሰነ ጊዜ ከተላጨ በኋላ ግን ውፍረቱ ከሚፈቀደው በታች ስለሚወርድ መለወጥ ግዴታ ነው። አገር ውስጥ አይሠራም። ፍሬን፣ ኃይል ከሽቦው የሚቀበለው ክንድ ካርቦን፣ የበር ሞተር፣ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ፣ ሁሉም እንደዚያው በዶላር የሚመጣ ነው። አንዱ ዕቃ ሲጠፋ አንድ ባቡር ይቆማል፤ ከቆመው ተፈትቶ ለሚሄደው ይገጠማል፤ ከዓመት በኋላ የቆመው ባቡር አንድ ሳይሆን አሥር ዕቃ ጎድሎት ይገኛል። ያኔ ማስነሳት ከጥገና ይልቅ እንደ አዲስ መግዛት ይሆናል። በዚህ ላይ የመብራት መቆራረጥ፣ የመዳብ ገመድ ስርቆትና አጥሩን ጥሶ ሀዲድ ላይ የሚወጣ መኪና አለ። ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው ክፍል አንዱ ከገጠመ ሁለቱም መስመር ይቆማል፤ መንገዱ አንድ ነውና።

እዚህ ጋ ነው «ማን ይክፈል?» የሚለው ጥያቄ የፖለቲካ ወሬ መሆኑ ቀርቶ የጎማ ጉዳይ የሚሆነው።

ግንባታው 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ። 85 በመቶው ከቻይና ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ የተገኘ ብድር ነው፤ 404 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ዶላር በ21 ብር አካባቢ ስለነበር ዕዳው በብር ሲታሰብ 8.5 ቢሊዮን ነበር። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በፊት በነበረው 57 ብር ሲባዛ ያው ገንዘብ 23 ቢሊዮን፣ ዶላር 120 ብር ሲገባ ደግሞ 48 ቢሊዮን ይሆናል። በመሃል የተከፈለ ይኖራል፣ ወለድም አለ፤ የመጠኑን አካሄድ ለማየት ግን ይህ ይበቃል። ገቢው በብር፣ ዕዳውም መለዋወጫውም በዶላር።

ተሳፋሪው ይክፈለው የሚሉ አሉ። እሺ፣ እናስላው። በቀን 150 ሺህ ሰው በአማካይ 4 ብር እየከፈለ ይሳፈራል እንበል። በዓመት 219 ሚሊዮን ብር ነው፣ በ21 ሲመነዘር 10.4 ሚሊዮን ዶላር። ዋናው ብድር ያለ ወለድ በ20 ዓመት ቢከፈል ብቻ በዓመት 20 ሚሊዮን ዶላር ይጠይቃል። ሹፌር ደመወዝ ሳይከፈለው፣ መብራት ሳይከፈል፣ ትኬቱ በሙሉ ለባንኩ ቢሄድ እንኳ ግማሹን ነው የሚሸፍነው። በ120 ምንዛሪ ደግሞ የዚያው ትኬት ገቢ 1.8 ሚሊዮን ዶላር ነው። ዕዳውን ከትኬት ለማውጣት አንዱ ጉዞ 44 ብር መሆን አለበት፣ ለዋናው ገንዘብ ብቻ። በዚህ ዋጋ ተሳፋሪው ወደ ሚኒባስ ይመለሳል፣ ባቡሩ ባዶውን ይሄዳል፣ ገቢውም ይወርዳል። ስለዚህ ትኬቱን ግንባታውን እንዲከፍል መጠየቅ ከመነሻው የተሳሳተ ጥያቄ ነው። አብዛኞቹ ትልልቅ ከተሞች ሜትሯቸውን በትኬት ብቻ አልሠሩም። ሆንግ ኮንግ ትርፋማ የሆነችው ከጣቢያዎቿ በላይና ዙሪያ ያለውን መሬት ለባቡር ድርጅቷ እየሰጠች ሕንጻ ስላስገነባች ነው።

እዚህስ ከባቡሩ የተጠቀመው ማን ነው? ተሳፋሪው ጊዜ አተረፈ። ከእሱ በላይ ያተረፈው ግን በሀዲዱ ግራና ቀኝ ካርታ የነበረው ነው። ከአያት እስከ መገናኛ ያለው ቦታ ሽያጭ ማስታወቂያ ሲጻፍ «ከባቡር ጣቢያ በእግር 3 ደቂቃ» የሚል መስመር አይቀርም። ያ መስመር ዋጋ አለው፣ ገዢው ይከፍልበታል፣ ገንዘቡ ሻጩ ኪስ ይገባል። ጣቢያውን የሠራው የሕዝብ ዕዳ ደግሞ ከእሱ አንዲት ሳንቲም አያገኝም።

ይህን ከኮብልስቶን ጋር አስተያዩት። በስንት ሰፈር ነዋሪው ኮሚቴ አቋቁሞ፣ እንደ ዕድር መዋጮ በየቤቱ እየዞረ ሰብስቦ፣ የድርሻውን አስቀድሞ ከፍሎ ነው በሩ ላይ ድንጋይ የተነጠፈለት። ጡረተኛው ሳይቀር አዋጥቷል። አምስት ሜትር ስፋት ላለው የሰፈር መንገድ ነዋሪ ሲያዋጣ፣ በግማሽ ቢሊዮን ዶላር ባቡር አጠገብ አምስት ፎቅ ያቆመ ሰው ለባቡሩ ብሎ የከፈለው የተለየ ነገር የለም። ይህን ፍትሕ ማለት ይከብዳል።

ሕጉ ምን ይላል ቢባል፣ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የሊዝ አዋጁ 721/2004 ከተማዋ በጨረታ ስትሰጥ ዋጋውን እንድትወስድ ያደርጋል። ግን ሊዝ በዋናነት የሚይዘው አዲስ የሚሰጠውን ቦታ ነው። ከባቡሩ በፊት የተያዘው መሬት ዋጋው ሲያድግ ከእድገቱ ለባቡሩ ብሎ የሚወስድ መሣሪያ አልነበረም። የጣሪያና ግድግዳ ግብሩ ከአዋጅ 80/1968 ጀምሮ የመጣ ሲሆን፣ ለረጅም ዘመን የሚሰላው ከገበያው ጋር ባልተገናኘ ግምት ነበር። የተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጁን ያጸደቀው በጥር 2017 ነው፤ ባቡሩ ከጀመረ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ። ዋጋው ከፍ ካለ፣ ቤቱም ሁለት ሦስቴ እጅ ከቀያየረ በኋላ የመጣ ግብር የሚያገኘው የመጨረሻውን ገዢ ነው። ያተረፈው ሻጭ ሄዷል።

ምን ያህል ይሰበሰብ ነበር? በእያንዳንዱ ጣቢያ ዙሪያ 500 ሜትር ብንወስድ 78 ሄክታር ተኩል ነው። በ39 ተባዝቶ፣ የሚደራረበው ሲቀነስ፣ 2,500 ሄክታር ብንል አንሳሳትም። ግማሹ መንገድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት ይሁን፤ 12.5 ሚሊዮን ካሬ ሜትር ይቀራል። በ2008 ምንዛሪ ዓመታዊውን 20 ሚሊዮን ዶላር ለመሸፈን በካሬ 34 ብር ይበቃ ነበር። ለ200 ካሬ ግቢ በዓመት 6,800 ብር ማለት ነው። ለሲኤምሲ ቪላ ይህ ቀልድ ነው። አብነት አካባቢ የወላጆቹን ጭቃ ቤት ይዞ በጡረታ ለሚኖር ሰው ግን ከባድ ዕዳ ነው፤ የቀበሌ ቤት ተከራዩ ደግሞ ጭራሽ ያተረፈው የመሬት ዋጋ የለም። ስለዚህ በካሬ እኩል መጫን ጥሩ መንገድ አይደለም። የሚሻለው ገንዘቡ ሲንቀሳቀስ መያዝ ነው፦ አንድ ጊዜ ቤቱ ሲሸጥ፣ አንድ ጊዜ የፎቅ ግንባታ ፈቃድ ሲጠየቅ። ቤቱን ሳይሸጥ የሚኖርበት ሰው አይነካም። ጂ ፕላስ ፎር ሊያቆም የመጣው ግን በወለል ስፋቱ ልክ ይከፍላል፤ ያን ሕንጻ ለመከራየት የሚመጣው ሰው እኮ በባቡሩ ነው የሚመጣው።

ቢሆንም መሬቱ ሁሉን አይችልም። በ120 ምንዛሪ ያው ስሌት በካሬ 194 ብር ይደርሳል፣ ለዚያው ግቢ በዓመት 38,800። የምንዛሪውን ኪሳራ በጣቢያ አጠገብ ላለ ሰው መጫንም ትክክል አይሆንም። በዶላር የተበደረው መንግሥት ነው፣ ምንዛሪውንም የሚወስነው እሱ ነው፤ ያ ክፍል ከፌዴራል በጀት መውጣት አለበት። ባለ መኪናውም ነፃ አይደለም። አንድ ሙሉ ባቡር 286 ሰው ከአስፋልቱ ሲያነሳ ከ20 የሚበልጥ ሚኒባስ ከፊቱ ይነሳለታል። ለአዳማው ፈጣን መንገድ መግቢያው ላይ ካርድ ወስዶ፣ መውጫው ላይ በርቀትና በመኪና ዓይነት ከፍሎ ያለ ቅሬታ የሚያልፍ ሰው፣ በሜክሲኮ አደባባይ ዙሪያ ለሚያቆመው መኪና ለባቡሩ የሚሄድ ጥቂት ብር ቢጨመርበት የሚገርም አይሆንም። በርግጥ ባለ መኪናውም ቅሬታ አለው፤ ሀዲዱ መንገዱን ለሁለት ከፍሎ ግራ መታጠፊያዎችን ዘግቶበታል፣ እግረኛውንም ለመሻገር ረጅም መንገድ ያስዞራል። ይህ ዋጋ በየትኛውም ሂሳብ ላይ አልተጻፈም።

ከዚህ ሁሉ ግን ባቡሩን የጎዳው የግንባታው ዕዳ አይመስለኝም። ዕዳው ቢያንስ ባለቤት አለው፤ ባንኩ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ገንዘብ ሚኒስቴር ይከፍላል ወይም ይደራደራል። የመለዋወጫው ሂሳብ ግን ደብዳቤ የሚጽፍለት የለውም። ጎማ ሲያልቅ የሚከሰው የለም፣ ባቡሩ ጥግ ይቆማል፣ በቃ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቻይናው ሼንዘን ሜትሮ ባለሙያዎች ሲያስተዳድሩት ዕቃውም አዲስ ነበር፣ ችግሩ አልታየም። ዕቃው ሲያረጅ ነው «ይህን ማን ነው የሚገዛው?» የተባለው። መሆን የነበረበት በመጀመሪያው ቀን የተለየ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ መክፈት ነው፤ ማንም ለሌላ ጉዳይ የማይነካው፣ የሚነዳው ድርጅት ራሱ የሚያዝዝበት። ትኬቱ ሊሸከም የሚችለው ይህን ነው። ሥራ ሲጀምር 6 ብር ማለት 28 ሳንቲም ዶላር ነበር፤ ያንኑ 28 ሳንቲም በ120 ምንዛሪ ለመያዝ ትኬቱ 34 ብር መሆን ነበረበት። ታሪፍ ለዓመታት እንዳለ ሲቀመጥ ለተሳፋሪው የታዘነለት ይመስላል። ነገር ግን ርካሽ ትኬት ይዞ ግማሽ ሰዓት የሚጠብቅ፣ ከዚያ ሰልችቶት ታክሲ የሚሳፈር ሰው ሁለቴ ከፍሏል። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ መጨመር፣ ለተማሪና ለአቅመ ደካማ ከተማዋ ልዩነቱን እንደ አንበሳ አውቶቡስ መደጎም፣ ጭማሪውንም ለጎማና ለፍሬን ብቻ ማዋል፤ በኔ ግምት ተሳፋሪው የሚቀበለው ይህን ነው፣ በየ10 ደቂቃው እስከመጣለት ድረስ።

ዛሬ ለመጠቀም ለሚያስብ ሰው፦ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት እና ከ10 እስከ 1 ሰዓት ምሽት ቸኩላችሁ ከሆነ በባቡሩ ላይ አትመኩ፤ ከጫፍ ጣቢያ፣ ከአያት ወይም ከቃሊቲ፣ የምትነሱ ከሆነ ብቻ መቀመጫም ታገኛላችሁ። በመካከል ከ4 እስከ 9 ሰዓት ባለው ግን ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ከየትኛውም ታክሲ ይሻላል። መቆሚያው ላይ 15 ደቂቃ ቆማችሁ ምንም ካልመጣ የትኬት ሻጯን ጠይቁ፤ ባቡሩ የት እንደደረሰ ከማንም በፊት የምታውቀው እሷ ናት።